ባክአፕ ውስጥ የቀረ ምንጣፍ

የአንዲትን ልጅ ኒካሕ በአንድ የማውስ ጠቅታ ላፈርስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል። እኔ ግን ያን ሳምንት ከረቡዕ እስከ ዓርብ እህል በወጉ አልቀመስኩም፤ የሚስቁብኝንም እስከ ዛሬ ቂም ይዤባቸዋለሁ።

ያኔ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ ላይ፣ አንድ ጨርቅ ቤት ፎቅ ላይ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ቀን ቀን ማመልከቻና የቤት ኪራይ ውል እተይባለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራሴን አስተምሬ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ደንበኞቼ አራት ነበሩ፤ ቡና የሚቆላ፣ መኪና የሚያከራይ፣ አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት እና እማማ። ከሦስቱ ጋር ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ተጣልቻለሁ። ሥራዬን እንዴት እንደምሠራ ሰው ሲነግረኝ ቶሎ ይሞቀኛል። ከእማማ ጋር ግን ተጣልቼ አላውቅም። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔም ዝም እላለሁ።

እማማ የምላቸው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ የአባታቸውን ቤት የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ የሐረሪ እናት ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ከአንዲት ልጃቸው ጋር ነበር። ልጅቱ ለእንግዶች ኢሜይል ትመልሳለች፣ ከአውቶቡስ ትቀበላለች፣ ሂሳብ ትይዛለች። እናትየዋ ያበስላሉ፣ ያዛሉ፣ ማታ ማታ መደብ ላይ ተቀምጠው ከእንግዳው ጋር ያወጋሉ። አራት ክፍል ናት። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ማለት ይቻላል በድረ ገጹ አይቶ የመጣ ነው።

የጀጎል ቤቶች አንድ ደንብ አላቸው። ያላገባች ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት፣ ከበሩ በላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የገባ ሁሉ ያያል፣ ያየ ሁሉ ይገባዋል፣ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ልጅቱ ስትታጭ ምንጣፉ ይወርዳል። የእማማ ልጅ ከዚያ ሳምንት ስምንት ወር ቀደም ብሎ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ በአንድ መንገድ ላይ አብሯት ያደገ፣ አሁን ጅዳ የሚሠራ የጀጎል ልጅ ነው። ምንጣፉን እማማ በእጃቸው አወረዱት፤ ልጅቱም በነጋታው በሩን አዲስ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የድረ ገጹ የመጀመሪያ ፎቶ ያ በር ስለነበር አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ሠርቼ ረሳሁት።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ መናገር አለብኝ። ድረ ገጽ ልብስ አለው። ጽሑፉና ፎቶው ገላው ሲሆን፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠን፣ የነገሮቹ አቀማመጥ ልብሱ ነው። እኛ ቲም እንለዋለን። ቲሙን የሚሠሩት ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው። በየጊዜው ቀዳዳውን ይደፍኑና አዲሱን ውሰዱ የሚል ማስታወሻ ይልካሉ፤ አዲሱ ሲጫን የድሮውን ፋይል ጠርጎ ይተካል። እኔ ደግሞ ያን የድሮ ፋይል ገና ከመጀመሪያው በእጄ ጎርጉሬው ነበር። ቀለሙን የእማማን መደብ እንዲመስል ቀይ አድርጌ፣ የክፍል መጠየቂያውን ቅጽ ከታች ወደ ላይ አምጥቼ፣ ሁሉንም እዚያው ውስጥ ጽፌዋለሁ። አዲሱ ከተጫነ የእኔ ሥራ አብሮ እንደሚጠረግ አውቅ ነበር። ስለማውቅም ማስታወሻዋን ከዓመት በላይ እንዳላየሁ አለፍኳት።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው እማማ ስልክ ደወሉ። እንግዶች ድረ ገጹ በሞባይል አይከፈትልንም፣ ፊደሉ ከስክሪኑ ይወጣል እያሉ ነው።

«ቤቱን እያስቀባሁ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እሱንም ቀቢው። አሮጌ ነገር ይዤ ረመዳን አልቀበልም።»

ሰኞ ጠዋት ተቀመጥኩ። ትክክለኛውን መንገድ አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። መጀመሪያ አዲስ ባክአፕ፣ ማለት የሁሉንም ነገር ሙሉ ቅጂ ትይዣለሽ። ከዚያ ማንም በማያየው ቦታ የድረ ገጹን ግልባጭ ሠርተሽ እዚያ ትሞክሪያለሽ፤ ሲሰምር ብቻ ወደ ዋናው ታመጪዋለሽ። ግን ፎቅ ታች ሰው ተሰልፎ ፎቶ ኮፒ ይጠብቀኛል፤ ደግሞም አንድ ነገር ሁለቴ መሥራት ያናድደኛል። ፍላሽ ላይ ባክአፕ እንዳለኝ አስታወስኩና «አዘምን» የምትለውን ቁልፍ ዋናው ላይ ተጫንኳት።

ድረ ገጹ ፈረሰ። ቀዩ ቀለም ጠፋ፤ ፎቶዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረቡ፤ የክፍል መጠየቂያው ቅጽ የት እንደገባ አላህ ይወቀው። ላብ በላብ ሆንኩ። ታች ያለው ሰው ይጠራኛል፣ እኔ አልሰማም። ፍላሹን ሰክቼ ባክአፑን ጫንኩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ተመለሰ። ቀለሙ አለ፣ ቅጹ አለ፤ ቅጹን ሞላሁ፣ ላክሁ፣ ደረሰ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሻይ አዘዝኩ። ቲሙን ሌላ ቀን ተረጋግቼ እሠራዋለሁ አልኩ። ያ ባክአፕ ግን የተያዘው ከዓመት በፊት፣ ልጅቱ ሳትታጭ ነበር።

ፎቶውን አየሁት እኮ። በር አየሁ። እኔ ከግንቡ ውጭ ነው ያደግሁት፤ የምንጣፉን ደንብ ከሰው ሰምቼ አውቀዋለሁ እንጂ ዓይኔ አልለመደውም። ጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ቀና ብሎ ያያል። እኔ ቀና ብዬ አላየሁም።

ረቡዕ ጠዋት የከተማው ኢንተርኔት ጠፋ። በዚያ ዘመን ይጠፋ ነበር፤ ለምን ጠፋ፣ መቼ ይመጣል ብሎ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ባዶ ወንበር ይዤ ስነጫነጭ የእማማ ልጅ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ምንጣፉን ለምን ሰቀልሽው?» አለችኝ።

«የምን ምንጣፍ?»

ስልኳን ሰጠችኝና ነገሩን ነገረችኝ። የእጮኛዋ አክስት ጅዳ ሆና ጎረቤቶቿን ሰብስባ የምራቷን ቤት ላሳያችሁ ብላ ድረ ገጹን ትከፍታለች። ከበሩ በላይ ምንጣፉ ተሰቅሏል። አንዲቱ ጎረቤት ሐረሪ ናት። ኧረ ይቺ ልጅ አልታጨችም እንዴ፣ ሌላ ጠያቂ እየፈለጉ ነው እንዴ ትላለች። አክስትየዋ ፎቶውን አንስታ ማክሰኞ ማታ እዚህ ላለው ወንድሟ፣ ለልጁ አጎት፣ ላከችለት። የወረደን ምንጣፍ መልሶ መስቀል ቃላችንን አጥፈናል ማለት ነው። ይህን በቃል ቢናገሩት ይሻላል፤ ሰቅለው ለዓለም ማሳየት ስድብ ነው።

ፎቶውን ሳየው ሰኞ ከፍላሹ የመለስኩት መሆኑ ገባኝ።

«ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ» አለች። «የኒካሑን ቀን ሊቆርጡ ነበር የሚመጡት። አሁን ግን አጎቱ ቃላችንን ልንመልስ እንመጣለን ብለዋል። ወላሂ እኔ እፈልገዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እፈልገዋለሁ። አቦ፣ አሁኑኑ አውርጂልኝ!»

«ኢንተርኔት የለም» አልኳት። እሷ አለቀሰች፤ እኔ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ምንም አልጠቀመም፣ እጄን አመመኝ።

አብሮኝ የተማረ፣ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነበር። በስልክ ፓስወርዱን ብነግረው በአምስት ደቂቃ ፎቶውን ይቀይረዋል። ግን ቤቱ የእማማ ነው፣ ሳልጠይቃቸው አላደርገውም። ከልጅቱ ጋር ተያይዘን ሄድን። ቀለም ቀቢዎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው፤ እማማ ቆመው ያዛሉ። ጥፋቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ግን ዓይኔንም አላዩኝም።

«አይሆንም» አሉ። «የቤቴን ቁልፍ ለማላውቀው ሰው በስልክ አልሰጥም። ደግሞ ከእንግዲህ ሳላየው አንዲት ነገር እንዳትነኪ።»

«እማማ፣ ዓርብ ነው እኮ የሚመጡት!»

«ዓርብ ሩቅ ነው፤ ኢንሻአላህ ይደርሳል።»

ልጅቱ በሐረሪኛ የሆነ ነገር ተናገረቻቸው፣ ቃሉ ባይገባኝም ልመና እንደነበር ገባኝ። እማማ ወደ ቀለም ቀቢዎቹ ዞሩ። እኔ ኩራታቸው ነው ብዬ ነበር፤ ይህች ሴት የልጇ ትዳር ሊፈርስ ሲል እንኳ አትርበተበትም ብዬ አደነቅኋቸው።

ያን ቀንና በነጋታው ሱቁን ዘግቼ ላፕቶፔ ላይ ተተከልኩ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ግልባጭ አሰናዳሁ። ማክሰኞ አውርጄ ያስቀመጥኩትን አዲሱን ቲም አንድ ቃል ሳልነካ እንደመጣ አስቀመጥኩትና የራሴን ቀለምና ቅጽ አፕዴት የማይነካው የተለየ ማኅደር ውስጥ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ ይህንኑ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ከፍቼ፣ እያንዳንዱን ፎቶ ልጅቱ ከላከችልኝ ጋር አስተያየሁ። ቅጹን በሦስት ስልክ ሞከርኩ። የአፕዴት መመሪያ ሁሉ ቅጽህን ፈትሽ፣ ምናሌህን ፈትሽ ይላል። ከበርህ በላይ ያለውን ፈትሽ የሚል መመሪያ ግን አላየሁም፤ እኔው ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ሐሙስ ከሰዓት አጎትየው ራሳቸው መጡ። ፈረስ መጋላ ላይ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንበሩን አልተቀበሉኝም፣ ቆመው ነው ያናገሩኝ።

«አሮጌ ፎቶ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባባ።»

«የወረደ ነገር ራሱ ተነሥቶ ይሰቀላል?»

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ድረ ገጹ ሲፈርስብኝ ካስቀመጥኩት የድሮ ቅጂ መለስኩት። ከዓመት በፊት የነበረውን ቤት ነው የመለስኩት። እነሱ የሚያውቁት ነገር የለም።»

«እነሱ ይህን እንድትይ ልከውሽ ቢሆንስ?»

ሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ የሚለኝን ሰው ከደረጃዬ አስወርደው ነበር። ያን ቀን ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፍላሹን አውጥቼ ቅጂው የተያዘበትን ቀን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ነገ እዚያው ቤት ድረ ገጹን አሳዪን» አሉ። «ምንጣፉ ወርዶ፣ ፎቶው ልክ እንደ ቤቱ ሆኖ ካየነው የፋቲሓ ዱዓ አድርገን ቀን እንቆርጣለን። ዓይናችን እያየ ምንጣፉ እዚያው ተሰቅሎ ካገኘነው ግን እኔ ለእህቴ የምነግራት ነገር የለኝም።»

ዓርብ ረፋድ ላይ ኢንተርኔቱ መጣ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም። ሱቅ ሆኜ ልጫን ብል ይቻለኝ ነበር፤ ግን ሳላየው እንዳትነኪ ተብያለሁ፣ ደግሞም ያ ሰኞ ጣቴን አቃጥሎኛል። ላፕቶፑን በነጠላዬ ጠቅልዬ በጠባቡ መንገድ ቁልቁል ሮጥኩ። ሰዉ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ይወጣል፣ እኔ በሰው መሃል እየተጋፋሁ እወርዳለሁ።

ቤቱ ተቀብቶ አልቋል። መደቡ በቀይ አፈር ታድሶ ገና እርጥብ ይሸታል። እማማ የዘወትር ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጅቱ ከታች። ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ ባትሪው ከመቶ አርባ ይላል። ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገናኘሁ። በመጀመሪያ አሁን ያለውን ድረ ገጽ ሙሉ ቅጂ ያዝኩ፤ ቅጂውን ከፍቼ እንደሚሠራ አየሁ። ከዚያ ያዘጋጀሁትን ግልባጭ ማንም በማያየው ቦታ ጫንኩ። በጄኔሬተር የሚሠራው የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የኹጥባውን፣ የጁምዓውን ስብከት፣ ድምፅ ያመጣል። ተጭኖ ሲያልቅ ባትሪው ሃያ ስድስት ነበር። ልጅቱ በስልኳ ገባች፤ እያንዳንዷን ገጽ አየች።

«ልክ ነው» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ሁሉም ልክ ነው።»

የቀረው አንድ ቁልፍ ነው። ተጫንኩት ማለት አዲሱ ወደ ዋናው ይመጣል፣ አሮጌው ይወርዳል። ላፕቶፑን ወደ እማማ አስጠጋሁና ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየኋቸው፤ በአንድ በኩል ምንጣፉ ያለበት በር፣ በሌላው በኩል ባዶው በር።

«እማማ፣ ይሁን ይበሉኝ።»

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። እንደገና አዩ። ባትሪው ሃያ አንድ። ሰላቱ ተጀምሯል፤ የኢማሙ ድምፅ ይሰማል። ሰላቱ ካለቀ ሽማግሌዎቹ እዚህ ለመድረስ አሥር ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

«እማማ፣ ጊዜ የለንም።»

«ይሄ ቤቴን ይመስላል» አሉ፣ ጣታቸውን አሮጌው ላይ አድርገው።

«እሱ እኮ የድሮው ነው!»

«አውቃለሁ። ሰኞ ማታ ነው ያየሁት።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሰኞ ማታ አንዲት እንግዳ እራት ላይ ስልኳን ከፍታ ቤትዎ ይኸው ብላ አሳይታቸው ነበር። ምንጣፉን አይተዋል። ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። አክስትየዋ ከማየቷ በፊት፣ አጎትየው ከመስማታቸው በፊት፣ ልጃቸው ከማልቀሷ በፊት አይተውት ዝም ብለዋል። ኢንተርኔቱ ማክሰኞ ሙሉ ቀን ነበረ። አንድ ጊዜ ቢደውሉልኝ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ፓስወርዱንም የከለከሉኝ ለዚሁ ነው። ቆሽቴ አረረ። ሦስት ቀን ሙሉ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ስቃጠል እሳቸው ቁጭ ብለው ያዩኛል።

«ለምን?» አልኩ። ጮኼባቸዋለሁ። በእሳቸው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።

እማማ ግን እኔን አላዩም፤ ልጃቸውን አዩ። ሐረሪኛ ሊናገሩ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም እንድሰማ ነው መሰለኝ በአማርኛ ተናገሩ።

«ከበሩ ላይ በእጄ ሳወርደው ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር፣ እልልታ ነበር፤ አልከበደኝም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በሩን ሳየው ይጨንቀኛል። ኒካሑ ሲታሰር ጅዳ ትሄዳለች። ይሄን ኢሜይል ማን ይመልሳል፣ እንግዳ ማን ይቀበላል አይደለም ነገሩ፤ እሱን ሰው ይቀጠርለታል። ሰኞ ይሄን ሳየው ምንም ያልሆነ መሰለኝ። ልጄ ቤት ያለች መሰለኝ። አንድ ቀን ይቆይ አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጨመርኩ። አስተግፊሩላህ፣ ስታለቅስ እያየሁ ጨመርኩ።»

ልጅቱ ተነሥታ ከአጠገባቸው መደቡ ላይ ወጣችና እጃቸውን ያዘች። የእኔ ንዴት የት እንደገባ አላውቅም። አንጀቴን በሉት። ላፕቶፑን ዘግቼ ልሂድ፣ ይህን ነገር ሌላ ሰው ይጫነው ብዬም አሰብኩ። ባትሪው አሥራ አራት።

ልጅቱ ዝቅ ብላ «ካልሽኝ እቀራለሁ» አለቻቸው።

እማማ በግልምጫ አዩዋት፣ የምር ተቆጥተው። «ማን ቅሪ አለሽ? አይቼው ልጥገብ አልኩ እንጂ ቅሪ አልኩ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«አውርጂው።»

ተጫንኩት። ሰማያዊው መስመር ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር። መንገዱ ላይ የብዙ ሰው ጫማ ተሰማ፤ ሰላት አልቋል። መስመሩ ግማሽ ላይ ቆመ። ስልኬን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ያዝኩ፤ ልጅቱ ዱዓ ታደርጋለች። እንደገና ተንቀሳቀሰ። የአጎትየው ሳል የግቢው በር ላይ ሲሰማ ገጹ ተከፈተ። ቀዩ ቀለም በቦታው ነው፣ ቅጹ በቦታው ነው፣ ከበሩ በላይ ያለው እንጨት ባዶ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም!» አሉ ከውጭ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አሉ እማማ። ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ተነሺ፣ ክፈቺላቸው» አሏት ልጅቱን። እሷ ስትወጣ፣ እኔ ላፕቶፑን ላዞር እጄን ስሰድድ ከለከሉኝ፤ በገዛ እጃቸው ወደ እንግዶቹ መቀመጫ አዞሩት።